ስለ አንድ ደብዳቤ መልስ

እኔ በእስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። እንጀራዬ ደብዳቤ ነው። ገቢውን ቁጥርና ቀን ሰጥቼ በመዝገብ አሰፍራለሁ፤ ወጪውን ማኅተም አስመትቼ እሸኛለሁ፤ ቅጂውንም በፋይሉ አስሬ አስቀምጣለሁ። ይህን ሥራ ከያዝሁ ዐሥራ አምስት ዓመት ስላለፈኝ፣ ስለ ደብዳቤ ጠባይ የሚያስተምረኝ መጽሐፍ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ይሁን እንጂ በ2015 ዓ.ም. ክረምት አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ወዳጄ «ይህ መጽሐፍ ላንተ ሥራ የተጻፈ ይመስላል» ብሎ አንድ ልብ ወለድ አዋሰኝ። የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቀስተ ደመና የሚያልቅበት» እንደ ማለት ነው። ደራሲዋ ሲሲሊያ አኸርን የምትባል የአየርላንድ ሴት ስትሆን፣ መጽሐፉ የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ነው። በ2014ም ወደ ፊልም ተለውጧል። የእኔ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃን ከማጠናቀቅ ያላለፈ ስለ ሆነ፣ የአምሳሉ አክሊሉን መዝገበ ቃላት ከጐኔ አስቀምጬ፣ ከሥራ ስወጣ ማታ ማታ ጥቂት ጥቂት እያልሁ በሁለት ወር ጨረስሁት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሮዚና አሌክስ የሚባሉ ሁለት ልጆች በደብሊን ከተማ አብረው ያድጋሉ። በአንድ ክፍል ይማራሉ፤ መምህሩ ሲያስተምር በቁራጭ ወረቀት ይጻጻፋሉ። ወጣት ሲሆኑ የአሌክስ ቤተሰብ ወደ አሜሪካ፣ ቦስተን ወደምትባለው ከተማ ይሄዳል፤ እሷ ትቀራለች። ከዚያ በኋላ ዘመናቸው ሁሉ በደብዳቤ፣ በፖስታ ካርድ፣ በኢሜይልና በኮምፒዩተር መልእክት ያልፋል። እሱ ያገባል፣ እሷም ታገባለች፤ ይወልዳሉ፣ ይፈታሉ። የልባቸውን ነገር ተነጋግረው አንድ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ሲጠጋ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን የመጽሐፉ አሠራር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ «እንዲህ ሆነ፣ እንዲህም ተደረገ» ብሎ የሚተርክ ሰው ከሞላ ጐደል የለም። ያለው የደብዳቤ ክምር ብቻ ነው። አንባቢው ልክ እንደ እኔ አንድ ወፍራም ፋይል ከፍቶ፣ ገቢውንና ወጪውን በየቀኑ ተራ እያገላበጠ፣ ነገሩን ራሱ ሊደርስበት ይገባል። እኔም እንደ ለመድሁት በመዝገብ ቤት ሠራተኛ ዓይን አነበብሁት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፋይል ሲያነብ የሚፈልገው የተጻፈውን ብቻ አይደለም፤ «ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ የት አለ?» ብሎ የጐደለውን ይፈልጋል። እነዚህ ሁለት ሰዎች መጻጻፍ ያቆሙበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለ ሥራ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ጐረቤት፣ ስለ ቀልድ ሁሉ ይጻጻፋሉ፤ አንዲቱን ነገር ብቻ አይጽፏትም። አንደኛው በገደምዳሜ ሲጠይቅ ሌላው ለላይኛው ቃል ብቻ መልስ ይሰጣል፤ በዚህም ምክንያት ዓመቱ ያልፋል።

ከዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ሰዓት ተቀመጥሁ። ምክንያቱም እኔም በሕይወቴ የዚህ ዓይነት መልስ ሰጥቼ ነበርና።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ከመነሻው ላስረዳህ።

በ1991 ዓ.ም. የጦርነቱ ጊዜ እኔ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። በሰፈራችን ልጆቻቸው ወደ ግንባር የዘመቱባቸው እናቶች ብዙዎች ሲሆኑ፣ ፊደል የቈጠሩት ግን ጥቂቶች ነበሩ። ጽሕፈቴ መልካም ስለ ነበር ማታ ማታ ይጠሩኝና ደብዳቤ እጽፍላቸው፣ የመጣላቸውንም አነብላቸው ነበር። ዋጋዬ ቆሎና ጠላ፣ አንዳንድ ጊዜም ምርቃት ብቻ ነበር። የደብዳቤውን መልክ ቶሎ ተማርሁት። «ለምወድህና ለምናፍቅህ ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ተብሎ ይጀመራል። ቀጥሎ የዘመድ ሁሉ ሰላምታ በየስሙ ይዘረዘራል። ከዚያ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ሰብሉና ስለ ከብቱ ይነገራል። መጨረሻው ደግሞ ምርቃት ነው።

በእኛ አገር በዚያ ዘመን ደብዳቤ የሁለት ሰዎች ነገር አልነበረም፤ በመካከል ሁልጊዜ ሦስተኛ ሰው ነበረ። እናቲቱ ለልጇ፣ ሚስቲቱ ለባሏ የልቧን ስትናገር አንድ የጐረቤት ልጅ ይሰማል፤ በወዲያኛውም ወገን ሌላ ሰው ያነባል። ስለዚህ የልብ ነገር በግልጽ አይነገርም። «ካንተ ናፍቆት በቀር» በምትለው በዚያች የተለመደች ቃል ሥር ይደበቃል። የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በደብዳቤ የተጻፈውን ልብ ወለድ ያስለመደው ሳሙኤል ሪቻርድሰን የተባለው አታሚ ገና የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ለሰፈሩ ወጣት ሴቶች የፍቅር ደብዳቤ መልስ ይጽፍላቸው ነበር። በኋላም፣ መጻፍ ለማይሆንላቸው ሰዎች የደብዳቤ ናሙና የሚሆን መጽሐፍ እንዲያዘጋጅ ሰዎች ቢጠይቁት፣ ከዚያው ሥራ ላይ «ፓሜላ» የተባለው ልብ ወለድ ተወለደ፤ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1740 ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የሰፈራችን የማታ ኩራዝ ትዝ አለኝ።

ከነዚያ እናቶች የአንዲቱ ሴት ልጅ የልጅነት ጓደኛዬ ነበረች። ስሟን አልጽፍም። ቤታችን በአንድ አጥር የተለየ ነው። ውሃ ስንቀዳ አብረን ነን፤ ትምህርት ቤት ስንሄድ አብረን ነን፤ በክፍልም በአንድ ዴስክ እንቀመጣለን። ለወንድሟ የሚላከውን ደብዳቤ እናቷ ስትናገር እኔ እጽፋለሁ፤ እሷ ግን ከጐኔ ተቀምጣ ታርመኛለች። «እናቴ ያለችው እንዲያ አይደለም፤ ምጣዱ ተሰበረ ነው ያለችው፤ እሱንም ጻፈው» ትላለች። እኔ «ምጣድ ለጦር ሜዳ ምን ያደርጋል?» ስላት፣ «ቤቱ ትዝ ይለዋል» አለችኝ። ዛሬ ሳስበው ከሁለታችን ደብዳቤ ምን እንደ ሆነ የገባት እሷ ነበረች። ወንድሟም በደኅና ተመለሰ።

በ1993 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለን ተዳረች። ዕድሜዋ ዐሥራ አራት ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ከወጣ ገና ጥቂት ወር ነበር፤ የክልላችን የቤተሰብ ሕግም ከሁለት ዓመት በኋላ በ1995 ዓ.ም. ወጣ። ሕግ ከአዋጁ ተነሥቶ ከአንዲት ልጅ ቤት ደጃፍ እስኪደርስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት መንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ባሏ ከዐባይ ማዶ፣ ከሞጣ ወገን የመጣ ነበር። በጥር የወንዙ ውሃ ስለሚጐድል ሙሽራይቱ በመልካ ተሻገረች። እኔ ከልጆች ጋር ሆኜ የሰርጉን ዳቦ በላሁ።

ከጐጃም ወደ በጌምድር የሚያሻግረውን ሰባራ ድልድይ የሚያውቅ ሰው፣ በክረምት ዐባይን መሻገር ምን ማለት እንደ ነበረ ይረዳል። ድልድዩ በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ነው። በኢጣልያ ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቈርጦ ከስድሳ ዓመት በላይ እንደ ተሰበረ ቈየ። ከወዲያና ከወዲህ ሰዎች ቆመው ገመድ ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው በገመዱ ይታሰርና በገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይሳባል። ነጋዴውም፣ በሽተኛውም፣ የጨው ከረጢቱም የሚያልፈው እንዲሁ ነበር።

በ1994 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሞጣ ገበያ የመጣ አንድ ነጋዴ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ሰጠኝ። በእጇ የጻፈችው ነበር። ጸሐፊም፣ አንባቢም፣ ሦስተኛ ሰው ያልገባበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ዐሥር መስመር አይሞላም። ስለ ጤናዋ፣ ስለ አማቷ ደግነት፣ ስለ ማዶው አገር ብርድ ጻፈች። በመጨረሻም፣ «ትምህርት ተከፈተ አይደል? የእኔ ዴስክ ላይ አሁን ማን ተቀመጠ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ነበረች።

እኔም ያን ዕለት ማታ መልስ ጻፍሁ። የደብዳቤ አጻጻፍ የሰፈሩ ሊቅ ነበርሁና በለመድሁት መልክ አሳመርሁት። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደኅና ነኝ» ብዬ ጀመርሁ፤ ሰላምታውን ዘረዘርሁ፤ ስለ ጤፉ አወራሁ። ከዚያም ለጥያቄዋ፣ «ዴስክሽ ላይ ከገጠር የመጣች አንዲት ጐበዝ ተማሪ ተቀምጣለች» ብዬ መለስሁ። የጻፍሁት እውነት ነበር። ልጅቱ በእርግጥ ከገጠር መጥታ ከጐኔ ተቀምጣ ነበር። ደብዳቤውን ለዚያው ነጋዴ ሰጠሁ፤ በገመድ ተሻገረ።

ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ አልመጣም። በዚያው በ1994 ዓ.ም. ከውጭ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞች ከአገሩ ሰው ጋር ሆነው ድልድዩን ጠገኑት። በኋላ ደግሞ ጐርፍ ቢያፈርሰው በምትኩ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ሰውና ከብት በእግሩ መሻገር ጀመረ። በእኔና በእሷ መካከል ግን የሚሻገር ነገር ጠፋ። ባሏን ፈትታ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ለቤት ሠራተኛነት ወደ ቤሩት መሄዷን ከሰው አፍ ሰማሁ። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ያዝሁ፣ ትዳር መሠረትሁ፣ ልጆች ወለድሁ። በ2012 ዓ.ም. ስልኬን ከዘመድ ጠይቃ ሰላምታ ላከችልኝ። ከዚያ ጀምሮ በየበዓሉ «እንኳን አደረሰህ»፣ «እንኳን አደረሰሽ» እንባባል ነበር። ይህ ሁሉ መልእክት ከስልኬ ውስጥ አለ፤ ሆኖም ሲነበብ ባዶ ነው።

እንግዲህ የአየርላንዲቱን ደራሲ መጽሐፍ ሳነብ፣ ያች የመስከረም ጥያቄ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ትርጕሟ ገባኝ። ልጅቱ ስለ ዴስክ አልጠየቀችም። «መመለሻ አለኝን?» ብላ ጠይቃለች። ምጣዱን አስገብቼ እንድጽፍ ያስተማረችኝ ልጅ፣ ከሁሉ ነገር መርጣ ያን አንድ ዕቃ የጠራችው በከንቱ አልነበረም። እኔ ግን እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ለተጻፈው ቃል ብቻ ትክክለኛ መልስ ሰጥቼ ፋይሉን ዘጋሁ።

እዚህ ላይ የአገራችን ታላቅ የደብዳቤ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ከእኛ ከተማ ብዙ ሳይርቅ ደብረ ታቦር አለ፤ ከአጠገቡም ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ጋፋት ይገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ከመሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ያለ መልስ ተቀመጠ። ዓመት ሲያልፍ ንጉሡ እንደ ተናቁ ቈጠሩት፤ ቆንስሉን አሰሩ፤ ጦር መጣ፤ ነገሩም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ተፈጸመ። ለዚህ ሁሉ ሌላም ምክንያት ቢኖረው፣ ያለ መልስ የተቀመጠው ወረቀት ከመነሻዎቹ አንዱ ነው። ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት በተማርሁ ጊዜ በለንደኑ ጸሐፊ ላይ እጅግ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ግን በእሱ ላይ ልፈርድ አልደፍርም። እሱ መልስ ሳይሰጥ ቀረ፤ እኔ መልስ ሰጥቼ ጥያቄውን ሳልመልስ ቀረሁ።

በዚያው ነሐሴ 2015 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ተቀምጬ በቴሌግራም ጻፍሁላት። በዚህ ጊዜ ሰላምታም አልዘረዘርሁ። «በ1994 ዓ.ም. የጠየቅሽኝን በደንብ አልመለስሁልሽም። የዴስኩን ነገር ስትጠይቂ ምን ማለትሽ እንደ ነበረ ዛሬ ገባኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልሁ። ነገር ግን በዚያው ሰሞን በክልላችን የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለ ነበር፣ መልእክቱ ትንሽ የሰዓት ምልክት ይዞ ከስልኬ ሳይወጣ ቀረ። በየማታው እከፍትና አየዋለሁ፤ ምልክቱ እንዳለ ነው። ሰባራው ድልድይ እንደ ገና የተሰበረ መሰለኝ። ልሰርዘው ብችልም አልሰረዝሁትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አባቴን ለሕክምና ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ከአውቶቡስ ወርደን ዕቃ ስናወርድ ስልኬ በኪሴ ይንጫጫ ጀመር። የብዙ ሰው መልእክት ባንድ ጊዜ ደረሰ፤ የእኔም መልእክት ያን ጊዜ ሄደ። መልሷ የመጣው በማግስቱ ማለዳ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ምጣዱን ያስታወስክ መሰለኝ። ያኔ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች ስትለኝ ቦታዬ ተያዘ ብዬ አመንኩ። ነይ፣ ተጠጋግተን እንቀመጣለን ብትለኝ በእግሬ እመጣ ነበር። አንተም ልጅ ነበርክ። አባትህን እግዜር ይማርልኝ።»

በሆስፒታሉ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ደጋግሜ አነበብሁት። በእኛ ትምህርት ቤት ለሁለት በተሠራ ዴስክ ሦስትና አራት ሆኖ መቀመጥ የተለመደ ነበር። «ተጠጋግተን እንቀመጣለን» የሚለውን ቃል በየቀኑ እንናገረው ነበር። ያን ቃል ለመጻፍ ሌላ ብልሃት አያስፈልገኝም ነበር።

በእርግጥ የአንድ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ደብዳቤ ጋብቻ ያፈርስ ነበር ለማለት አልደፍርም። ምናልባትም መንገድ ላይ አባቷ ይመልሷት ነበር። ሆኖም እሷ ለመምጣት የፈለገችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ ያቺም ቃል በእጄ ነበረች።

አንዳንድ አንባቢ፣ «ታዲያ ይህ የፍቅር ታሪክ ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነው፤ ፍቅራቸውም የተነሣው በትምህርቱ መካከል ነው። የእኛ ደግሞ በአንድ ዴስክና በአንድ ኩራዝ አጠገብ የነበረ ነገር ነው። ስም ሳይወጣለት አለፈ። ዛሬ እኔ ባለ ትዳር ነኝ፤ ይህንም ጽሑፍ ከማንም በፊት ያነበበችው ባለቤቴ ናት። አንብባ ስትጨርስ፣ «ያቺ ልጅ ስትመጣ ቤታችን ታድራለች» አለችኝ እንጂ ሌላ አልተናገረችም።

የልብ ወለዱ ሰዎች በሃምሳ ዓመታቸው ተገናኙ፤ ደራሲዋ ቸር ናት። በእኛ ሕይወት ግን የዘገየ መልስ የሚያስተካክለው ያለፈውን አይደለም። ለዚህ ነው አሁን በሥራዬ ላይ አንድ ነገር የለወጥሁት። በየዓመቱ ከጥር እስከ የካቲት ከየትምህርት ቤቱ የሚጻፍ አንድ ዓይነት ደብዳቤ አለ። «ተማሪ እገሊት ከዚህ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ገበታዋ ቀርታለች» ይላል፤ ከዚህ በላይ ብዙ አይልም። ቀድሞ ቁጥር ሰጥቼ ከሌሎቹ ጋር በተራው አሳልፈው ነበር። አሁን ቁጥር ከሰጠሁት በኋላ በእጄ ይዤ እነሣለሁ፤ ከሚመለከተው ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ አኑሬ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ስለ መቅረት የተጻፈ አይደለም፤ ልጅቱ መመለሻ አላት ወይ ተብሎ መጠየቁ ነው» እላለሁ። አንዳንድ ጊዜ ይሰሙኛል፤ አንዳንድ ጊዜ «ተቀመጥ፣ በተራው ይታያል» ይሉኛል። እኔም ቆሜ እጠብቃለሁ።